ያልተቀመጡበትን ዙፋን የጠበቁ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ በሩ ላይ የቆማችሁም ግቡ። ወሬው ረዘም ይላል፣ ቆሞ የሚሰማ አይደለም።

ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የወጨጫን ተራራ በስተ ቀኝ ትቶ፣ ተፍኪን አልፎ፣ ቱሉ ቦሎን አልፎ፣ ወሊሶ ሲቃረብ ጨቦ ምድር ገባ ይባላል። ዛሬ ወያላው ሂሳቡን ተቀብሎ መልሱን ሰጥቶ ሳይጨርስ የምትደርሱበት አገር ነው። የማወጋችሁ ሰው በተወለደበት ዘመን፣ በ1844 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው፣ ያው መንገድ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበረ። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከተማ አልነበሩም፤ የከብት መስክ ነበሩ። አዲስ አበባ ራሷ ገና አልተቆረቆረችም።

የልጁ አባት ዲነግዴ ይባላል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ልጁ ተማረከ። ምርኮኛ ልጅ ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ለወታደር ጋሻ ተሸካሚ ይሆናል፣ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ይኸኛው ቤተ መንግሥት ገባ። ክርስትና ተነሣ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ተባለ። ከጌቶቹ ቋንቋ ጋር የጌቶቹን አኳኋን ለመደ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ፣ ማን በማን ፊት ጎንበስ እንደሚል፣ የትኛው ነገር ዛሬ ተነግሮ የትኛው ለነገ እንደሚያድር ከግብር ቤቱ ጥግ ሆኖ አጠና። ይህን ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን አልነበረም።

እስካሁን «ልጁ» እያልኩ አንተ አልኩት። ከዚህ በኋላ አንቱ ነው የምለው፤ ወደ አድዋ ልንሄድ ነውና።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከወደቁት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ፣ አባ ጎራው። የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ማለት የፊት ጦር አዝማች ነው፤ ሞትን ቀድሞ የሚገናኘው እሱ ነው። የገበየሁ ቦታ ክፍት ሆነ። ምኒልክ ደግሞ ያን ቦታ ሊሰጡ የሚችሉት የደጃዝማች ልጅ፣ የራስ ወንድም ሞልቶላቸው ነበር። የሰጡት ለጨቦው ምርኮኛ ነው፤ ለሀብተ ጊዮርጊስ፣ ለአባ መላ።

ለምን? እኔ የምለውን ልንገራችሁ። የትልቅ ሰው ልጅ ጦር ሲሰጡት ጦሩን ይዞ ወደ አባቱ አገር ያያል። ዘሩ ከዙፋን የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ወደ ዙፋኑ ያያል። የዲነግዴ ልጅ ወደ የት ያያሉ? ከሰሎሞን ዘር ነኝ ብለው የሚዘረዝሩት ሐረግ የላቸውም። ዙፋኑ ለሳቸው ገና ሲወለዱ ተዘግቷል። ምኒልክ ይህን ቆጥረው ነው የሾሙት፤ ሀብተ ጊዮርጊስም ይህንኑ ቆጥረው ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት። የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ከዚህ ታገኙታላችሁ፣ ያዙልኝ።

ከአድዋ በኋላ በዓመቱ ወደ ቦረና ዘመቱ። የቦረና አገር ለአዲስ አበባ የተገዛው በሳቸው ጦር ነው፤ ኋላ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የደቡብ ድንበርም በዚያ ዘመቻ ላይ የቆመ ነው። እዚህ ላይ ግን ዘፈኑን ብቻ አንዝፈን። ከጦሩ ኋላ ነፍጠኛው መጣ፣ ከነፍጠኛው ኋላ ገባርነት መጣ። በልጅነታቸው ጨቦ ላይ የደረሰውን ነገር፣ ጎልማሳ ሆነው ሌላ ሕዝብ ላይ አደረሱት። ሰበታ ቁጭ ብሎ ስማቸውን በኩራት የሚያነሣ ሽማግሌ አለ፤ ያቤሎ ላይ ያው ስም ሲነሣ የአድማጩ ፊት ሌላ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሚኒስትሮች ሾሙ። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ለገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር። ይህን የሙሉጌታን ስም አትርሱብኝ፣ ኋላ ይመጣል። ሹመቱ አዲስ ነገር ነበር፤ መሥሪያ ቤት የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ብዙዎቹ ሚኒስትርነቱን ከድሮ ማዕርጋቸው በላይ አልቆጠሩትም። አባ መላ ግን ያን ቀን የያዙትን ሹመት እስኪሞቱ ድረስ አልለቀቁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በነዚያ ዓመታት አንድ ንጉሠ ነገሥት ሞተ፣ አንድ ወራሽ ወረደ፣ አንዲት ንግሥት ነገሠች፣ ራሶች ታሠሩ፣ ራሶች ተፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ግን ያው ነበሩ።

ምኒልክ ታመሙ። በሽታው እየደጋገመ መጣ፣ በመጨረሻ አካላቸውን ያዘው፣ አንደበታቸውንም ወሰደው። ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሼ ነው ብለው አሳወጁ፤ ልጁ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ስለ ነበረ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑለት። በመካከሉ እቴጌ ጣይቱ አልጋውን ከባላቸው ራስጌ ሆነው ይመሩ ነበር፤ ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። የሸዋ መኳንንትና መሀል ሰፋሪው፣ የዋና ከተማው ጦር ማለት ነው፣ ተመካክረው መጋቢት 1902 ዓ.ም. «ከእንግዲህ ሥራዎ ባልዎን ማስታመም ነው» አሏቸው። የጦር ሚኒስትሩም ከመካሪዎቹ ጋር ነበሩ።

ዓመት አልፎ ጥቂት ሲቆይ፣ ሚያዝያ 1903፣ ራስ ተሰማ ሞቱ። ተሰማ እንደ ሞቱ ራስ አባተ ቧያለው፣ ያ የአድዋው መድፈኛ፣ በቤተ መንግሥቱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ላይ እጃቸውን ሊዘረጉ ተነሡ። አዲስ አበባ ልትቃጠል ደረሰች። አቡነ ማቴዎስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፣ ሽምግልና ሆነ፣ አባተ አልሆነላቸውም፤ ኋላም ለእሥር ተዳረጉ። ይህን በአጭሩ የማልፈው አባ መላ በዚህ ጊዜ ሁሉ ያደረጉት አንድ ነገር ስለ ሆነ ነው፦ ግምጃ ቤቱን መጠበቅ። ማንም ይምጣ ማን፣ ጠመንጃው ከቤቱ እንዳይወጣ። ዙፋን ላይ የሚቀመጠውን ሰው የሚወስነው ይህ መሆኑን ከማንም በፊት ገብቷቸው ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር መጣን። ቡናው ከደረሰ ቅዱ፣ እኔም ጉሮሮዬን ላርጥብ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን ገዛ። ከተማ አይወድም፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዛሬ አፋር፣ ነገ ሐረር፣ ከነገ ወዲያ ሶማሌ። ከእስላም ባላባቶች ጋር ተጋባ፣ ተዛመደ፤ አባቱን ራስ ሚካኤልን በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ አደረጋቸው። የሸዋ መኳንንት አልጋው ከእጃችን ወጥቶ ወሎ ገባ አሉ። ሰልሟል የሚለውን የሃይማኖት ክስ ብዙ ሰው ዛሬ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ እኔም ከሃይማኖቱ ይልቅ ሹመቱ ሳያንገበግባቸው አልቀረም ከሚሉት ነኝ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ሐረር ሳለ መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። አቡነ ማቴዎስ ለኢያሱ የገባነው መሐላ እንዴት ይሆናል ብለው ካመነቱ በኋላ ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ነገሩን ከጀርባ ሆነው ያቆሙት፣ ጦሩን በእጃቸው የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ለሳቸው አዲስ ሹመት አልተጨመረም፤ አልጠየቁምም።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መውረድ ሰሙ። ወሎን ክተት አሉ። ይህ አባ ሻንቆ የሚባለው ሰው አድዋ ላይ ከሸዋ ጋር ጎን ለጎን የተዋጋ ነው፤ አሁን በሸዋ ላይ ዘመተ። ከፊቱ የቆሙት ራስ ልዑል ሰገድ ነበሩ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ጦራቸው አለቀ፣ እሳቸውም ከጦራቸው ጋር ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባና በሚካኤል መካከል የሚያግድ አልነበረም። ወሎዬው ፈጥኖ ቢገሰግስ ኖሮ የዛሬው ወሬያችን ሌላ ነበር።

አልገሰገሰም። ለምን አልገሰገሰም? እዚህ ላይ የሚተረክ ነገር አለ። አባ መላ ለንጉሡ በምስጢር መልእክት ሰደዱ ይባላል። ልቤ ከኢያሱ ጋር ነው፣ ያደረግኩት ተገድጄ ነው፣ ጥቂት ይታገሡኝና ከነጦሬ እገባልዎታለሁ የሚል ቃል ነው አሉ። ሚካኤል ጠበቁ። እሳቸው በጠበቁ ቁጥር ከየአገሩ የሚመጣው ጦር ወደ ሸዋ ሰፈር ይገባል፤ ዛሬ አንድ ደጃዝማች፣ ነገ አንድ ራስ።

ጦርነት እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ሲሰማ «ማታለል ነው፣ ጀግንነት አይደለም» ይላል። ይበል። አባ መላ ጀግና ተብለው እንዲዘፈንላቸው አይደለም የሠሩት። ቀን መግዛት ነበረባቸው፣ በወረቀት ገዙት።

ጥቅምት 17 ቀን፣ ከመስቀሉ ጉባኤ በልክ አንድ ወር ሲሆን፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ተገጠሙ። ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው። ከአድዋ ወዲህ በአገሪቱ እንደዚያ ያለ ጦርነት አልተደረገም፤ ልዩነቱ በሁለቱም ወገን የሚሞተው «ማርያም ማርያም» የሚል መሆኑ ነው። ጧት ተጀምሮ ቀኑ ሳይመሽ አበቃ። ወሎ ተሸነፈ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ጃን ሜዳ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ ንጉሡ በሰንሰለት ሆነው አለፉ። አባ መላ ምርኮኛ ሆነው ነበር የሸዋን ጦር ያወቁት፤ አሁን ንጉሥ ማርከው ገቡ።

ምርኮኛውንስ የት አደረጉት አትሉም? ወደ ጨቦ! ንጉሥ ሚካኤል በፊታውራሪው ጠባቂነት ወደ ፊታውራሪው አገር ተላኩ። ኋላ ወደ ሆለታ ተዛወሩ፤ የቡራዩ ልጆች ገፈርሳን አልፋችሁ የምትደርሱባት ያቺ ሆለታ ናት። በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው አረፉ። ልጃቸውስ? ኢያሱ ከአፋር በረሃ እስከ መቅደላ፣ ከመቅደላ እስከ ትግራይ ሲንከራተት ቆይቶ በ1913 ዓ.ም. ተያዘና ለራስ ካሣ ተሰጠ፤ ፍቼ ታሠረ። ወደ ፍቼ በየት እንደሚሄድ ለሱሉልታ ሰው አልነግርም፤ እንጦጦን ተሻግሮ በደጃችሁ ነው። አያችሁ፣ እነዚህ ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው አንድ ላይ የተጠቀለሉ ከተሞቻችን ያኔ ከተማ ባይሆኑም ሥራ አልፈቱም። የዋና ከተማዋ የፖለቲካ እሥረኛ በነሱ ደጅ ነበር የሚወጣው።

ከሰገሌ በኋላ አገሪቱ ሦስት ራስ አወጣች። ዘውዲቱ ዘውዱን ይዘዋል። ተፈሪ ወራሽነቱንና የውጭውን ጉዳይ ይዘዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ጦሩን። ወጣቱ ተፈሪ ትምህርት ቤት ይላል፣ ማተሚያ ቤት ይላል፣ ከፈረንጅ ጋር ይጻጻፋል። ሽማግሌው ፈረንጅን አያምኑም፤ የሚሰጥ ሰው የሚወስደውን ሳያይ አይሰጥም ባይ ናቸው። ንግሥቲቱ በልባቸው ወደ ሽማግሌው ያጋድላሉ። ተፈሪ አንድ እርምጃ ሲሄዱ ሁለቱን ማስፈቀድ አለባቸው።

መጋቢት 1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪው ተነሣ። ሚኒስትሮቹ ጉቦኞች ናቸው፣ ይውረዱልን አለ። ወረዱ፤ ሁሉም ወረዱ፣ ከአንድ በቀር። ማን እንደ ሆነ ንገሩኝ እስቲ። አዎ፣ የጦር ሚኒስትሩ! ሠራዊቱ በሚኒስትሮች ላይ ሲያምፅ የሠራዊቱ ሚኒስትር ተረፈ። ያመፀው የማን ወታደር እንደ ሆነ ማሰብ የናንተ ፋንታ ነው።

ግን እዚህ ላይ ለሽማግሌው እማኝ ልሁን። ሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሄዱ። ሲሄዱ ከኋላ ሊያስቸግሩ የሚችሉትን ታላላቅ ሰዎች፣ የጎጃሙን ራስ ኃይሉን፣ የትግሬውን ራስ ሥዩምን፣ አብረው ይዘዋቸው ሄዱ፤ ጉብኝትም ነው፣ ጥንቃቄም ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈራውን ሰው ግን ከነጦሩ አዲስ አበባ ትተውት ሄዱ። ወራት ቆይተው ሲመለሱ ወንበራቸው እንደ ነበረ ጠበቃቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ የተፈሪን አካሄድ አልወደዱትም፣ እሳቸውን ለማውረድ ግን ጦር አላነቃነቁም። ይህን ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሰገሌን ያየ ሰው ሁለተኛ ሰገሌ ለማየት አይቸኩልም።

ችሎታቸው ደግሞ በጦር ብቻ አልነበረም። ፍርዳቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ከሳሽና ተከሳሽ ፊታቸው ሲቆሙ ክርክሩን እስከ መጨረሻ ሰምተው፣ ጥቂት ጠይቀው፣ ሁለቱም ያላሰቡትን ይፈርዱ ነበር ይላሉ። ሕዝቡ ብልህ ፍርድ ሁሉ በሳቸው ስም እያደረገ ስለሚያወራው የቱ የሳቸው፣ የቱ የሌላ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ አንዱንም አልነግራችሁም። የሌላ ሰው ፍርድ ሰጥቻቸው መቃብራቸው ውስጥ እንዲስቁብኝ አልፈልግም።

ኅዳር 25 ቀን 1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ አረፉ። አርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ጳጳስነት የቆዩት፣ ለኢያሱ የተገባውን መሐላ የፈቱት፣ ከአባ መላ ጋር አንድ ልብ የነበሩት አባት። ስምንት ቀን ቆየ። ታኅሣሥ 3 ቀን፣ ምኒልክ ባረፉበት ዕለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከተሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በአንድ ሳምንት ሁለት ምሰሶ ወደቀባቸው።

ተፈሪም አልዘገዩም። የሹመት ጦር ለልጅ አይወረስም፤ ከዘውድ መጥቶ ወደ ዘውድ ይመለሳል። ዘውዱን የያዙት ዘውዲቱ ቢሆኑም መዝገቡን የከፈቱት ተፈሪ ነበሩ። የሟቹን ጦር፣ መሣሪያ፣ ሀብትና መሬት ወደ ራሳቸው አዞሩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከማቸ ኃይል ያለ አንድ ጥይት እጅ ለወጠ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ድክመቱ እዚህ ላይ ታየ፦ ሁሉም ነገር በሳቸው ላይ የቆመ ነበር። መሥሪያ ቤት አልተዉም፣ ደቀ መዝሙር አልተዉም፣ ሕግ አልተዉም። የተዉት ጦር ነው፤ ጦር ደግሞ የሚያበላውን ይከተላል።

ይህን ያልተረዱት አንድ ሽማግሌ ቀርተው ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ። እሳቸውም በልጅነታቸው ምኒልክ ከጦር ሜዳ ያነሡዋቸው፣ እንደ አባ መላ በቤተ መንግሥት ያደጉ፣ አድዋ ላይ መድፍ የተኮሱ ናቸው። ሲዳሞን ይገዙ ነበር። ተፈሪ ቢጠሩ አይመጡም፤ ንግሥቲቱን እንጂ አልጋ ወራሹን አላውቅም ይላሉ። የካቲት 1920 ዓ.ም. መጡ፣ ግን በሺህ የሚቆጠር ጦር አስከትለው፤ ነፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ ግብር አበሉአቸው፣ አከበሩአቸው፣ አጫወቱአቸው። ባልቻ ግብር ላይ ሳሉ የተፈሪ ሰዎች ሰፈራቸው ሄደው ለወታደሩ ብር እያደሉ፣ መሣሪያውን እየተቀበሉ አሰናበቱት። ማታ ሽማግሌው ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ሽረት መጣ፣ እሥር መጣ፤ ኋላ ገዳም ገቡ።

አባ መላ በሕይወት ኖረው ቢሆን ያ ብር ነፋስ ስልክ አይደርስም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ አባ መላ በሕይወት ኖረው ቢሆን ባልቻ ያን ሁሉ ጦር ይዘው ባልመጡ ነበር እላለሁ፤ «ተው፣ ቀን እስኪገለጥ ቆይ» የሚላቸው ሰው ይኖር ነበርና።

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በ1922 የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ ከበጌምድር ተነሡ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ጦር ገጠመ፤ በዚህ ጊዜ ከሰማይ አውሮፕላን ወረቀት በተነ፣ ቦምብም ጣለ። ጉግሣ ወደቁ፤ በሁለተኛው ቀን ዘውዲቱም አረፉ። የመንግሥቱን ጦር አንቺም ላይ የመሩት አዲሱ የጦር ሚኒስትር ናቸው፤ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ፣ በ1900ው ሹመት ገንዘብ ቤቱን የተቀበሉት፣ አትርሱብኝ ያልኳችሁ። ጀግና ናቸው፣ የአድዋ ሰው ናቸው፣ እንደ አባ መላ ያረጁ ናቸው። ግን አውሮፕላኑ የንጉሡ ነው፤ ጠመንጃውን የሚገዛው፣ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ዝመት ሲል የሚያዘምተውም ንጉሡ ነው። ራስ ሙሉጌታ ታዘዙ፣ ዘመቱ፣ አሸንፈው ተመለሱ፤ የማን ጦር እንደ ሆነም ማንም አልጠየቃቸውም።